ዓሣ ልናኮላሽ የተሰበሰብን ዕለት

በዚያ ጧት ኩሬው ዳር የነበርነው እነዚህ ነን። የኩሬው ባለቤት አያ ደርሰህ፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለዋል። ባለቤታቸው እታለም የሺ፤ ክንዳቸውን አጣምረው የጓሮው አጥር ላይ ተደግፈዋል፤ ወደ ኩሬው አልቀረቡም፣ ግን ከሁላችንም አብልጠው የሚያዩት እሳቸው ነበሩ። ጅጋ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚነግዱት ጋሽ ይማም፤ ሰው ተሰብስቦ ካዩ ሳይቆሙ ማለፍ አይሆንላቸውም። የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ጌታነህ፤ ቦት ጫማው አዲስ ስለሆነ ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ ላይ ቆሟል። ኮርማ በማኮላሸት ከፍኖተ ሰላም እስከ ቢር ወንዝ ስማቸው የሚጠራው አያ ቢምረው፤ ሁለት የወይራ በትራቸውን ብብታቸው ሥር ይዘዋል። ከዚያ እኔ። ከዚያ ዓሦቹ። ዓሦቹን ከሰው እኩል ማስገባቴ የማይጥመው ካለ፣ የተሰበሰብነው በነሱ ጉዳይ መሆኑን ያስብልኝ።

ኩሬው ኩሬ ሆኖ አልተወለደም። ውኃ ማቆር የሚባለው ዘመቻ በየጓሮው በገባ ጊዜ አያ ደርሰህ ሞዴል አርሶ አደር መባል አማራቸውና ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመው ቆፈሩ። የቆፈሩት ግን የእታለም የሺን የበርበሬ ማሳ ነው። ያ ማሳ በዋዛ የሚነሳ ማሳ አይደለም። አፈሩ ጥቁር፣ ለእጅ የሚለሰልስ ነበር፤ በርበሬው ቡሬ ገበያ ሲደርስ ገና ከአህያው ሳይወርድ ሰው ያስነጥሳል። ጉድጓዱ የተቆፈረው እታለም የሺ የታመመ ዘመድ ሊጠይቁ ሊበን በሄዱበት ነው። ሲመለሱ አፋፉ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ ይባላል። እኔ ስላልነበርኩ ለዝምታው ርዝመት ኃላፊነት አልወስድም።

ለጉድጓዱ ይመጣል የተባለው ፕላስቲክ ሳይመጣ ቀረ። አያ ደርሰህ ወለሉን በጭቃ መረጉት፣ በበሬ አስረገጡት፣ ከላይ ካለችው ምንጭም ቦይ ቀደዱለት። ውኃው ቆመ። አንድ ክረምት የእንቁራሪት ሠርግ ቤት ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ ጌታነህ ከባሕር ዳር በጄሪካን ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩቶች አምጥቶ ጨመረበት። እኔም ከዚያ ዕለት ጀምሮ ከኩሬው ዳር አልጠፋሁም።

ስለ ዓሣ የማውቀው ከአንድ መጽሐፍ ነው። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ኦቾሎኒ የምትሸጥ ሴት ናት የሰጠችኝ። የፊቱን ገጾች ጠቅልላባቸው ጨርሳለች፤ ከኋላም ጀምራው ነበር። የተረፈው መካከሉ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ አንዱን ገጽ በመዝገበ ቃላት እየተደገፍኩ ስጨርስ የፊተኛውን እረሳዋለሁ፤ ተመልሼ እጀምራለሁ። የተረፈው መካከል ደግሞ የሚያወራው ስለ ወንዱ ዓሣ መራቢያ አካል ብቻ ነበር። ዓሣ ምን እንደሚበላ አላውቅም፤ ምን እንደሚያመው አላውቅም፤ ያ ሁሉ በኦቾሎኒ ሄዷል። ስለ ሴቷም አላውቅም፤ እሷ በምትጀምርበት ቦታ መጽሐፉ ያልቃል። ስለ ወንዱ ግን፣ ሳልኩራራ፣ በዚያ ወረዳ ከኔ የሚስተካከል ያለ አይመስለኝም ነበር። ችግሩ ይህን ዕውቀት የማወጣበት ቦታ ማጣቴ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ አይወራ፤ ማኅበር ላይ አይነሳ።

ዓሦቹ ተባዙ እንጂ አላደጉም። ኩሬው ጣት በሚያካክሉ ነገሮች ሞላ። እጅ ሲገባበት ያሳክካል እንጂ የሚያዝ አልነበረውም። አንድ ቀን እታለም የሺ አፋፉ ላይ ቆሙና ለባላቸው እንዲህ አሉ፦

«አንቱ ሰውዬ፣ ሰኔ ሲገባ የበርበሬ ችግኜን የምተክልበት አፈር እፈልጋለሁ። እስከዚያ ከዚህ ጉድጓድ ሳህን የሚሞላ አንድ ዓሣ ይውጣና አፌን ልያዝ። ካልወጣ ግን ግድቡን በዶማ ቀድጄ ውኃውን እለቅቀዋለሁ።»

«ይሁን!» አሉ አያ ደርሰህ። «ሳህኑንም አንቺው ምረጭ።»

ይህን በማለታቸው ኋላ ተጸጽተዋል። እታለም የሺ የመረጡት ለጥምቀት እንግዳ ብቻ የሚወጣውን ትልቁን የቆርቆሮ ሳህን ነበር።

ለአያ ደርሰህ ነገሩ የክብር ነው። ለኔ ሌላ ነበር። መሬት ሲደለደል ገና ልጅ ነበርኩ፤ ዕድሜዬ ሲደርስ የሚደለደል አልቀረም። በየሄድኩበት የሰው ድንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ኩሬው ዳር በደረቴ ተኝቼ ውኃውን ሳይ ግን፣ ደመናው ከሥር፣ ዓሦቹ ከደመናው ላይ፣ እኔ ደግሞ የት እንዳለሁ ሳላውቅ፣ ቀኑ እንደ ጭስ ይበንልኝ ነበር። እዚያ «ተነስ፣ ይህ የኔ ድርሻ ነው» የሚለኝ አልነበረም። ዶማው ውኃውን ብቻ አልነበረም የሚለቅቀው።

ስለዚህ አፌን ከፈትኩ።

«ዓሦቹ ጉልበታቸውን ለመራባት እያዋሉት ነው» አልኩ። «ለሥጋ የሚተርፋቸው የለም።»

አያ ደርሰህ ቀና አሉ። ይህ ነገር የሚገባው ሰው ቢኖር የጎጃም ገበሬ ነው። ኮርማ ላም እያሳደደ አይሰባም፤ ፍየሉም ሙክት የሚሆነው ሐሳቡን ከጣለ በኋላ ነው።

«ታዲያ ምን ያስጨንቃል? ማኮላሸት ነዋ!» አሉ።

ጌታነህን ዞረው አዩት። ጌታነህ ጥቂት አሰበና፣ «በሥልጠናችን ላይ አልተነሳም» አለ። «አልተከለከለምም።»

እኔ ቃል ከአፌ የሚወጣው ተመዝኖ፣ ተለክቶ ነው። «ዓሣ እንደ በሬ አይደለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አስተካክዬ ስጨርስ፣ ወደ አያ ቢምረው መልእክተኛ ከሄደ ቆይቶ ነበር።

እንዲህ ሆነን ነው እንግዲህ በጥር መጨረሻ፣ ፀሐይ ገና ባልጠነከረችበት ጧት፣ ኩሬው ዳር የቆምነው። አያ ደርሰህ ለወባ የታደለውን አጎበር ጎትተው አንድ ዓሣ አወጡና በሁለት እጃቸው ለአያ ቢምረው አቀረቡ፣ እንደ እጅ መንሻ። አያ ቢምረው ዓሣውን ተቀበሉ። ገለበጡት። በብርሃን አዩት። እንደገና ገለበጡት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እታለም የሺ እንዳይሰሙ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«የታለ?»

«ምኑ?»

«እንዴት ምኑ ትለኛለህ፣ የወንድ ልጅ ነህ! ያ ነዋ።»

«ያ ውስጥ ነው» አልኩ።

«ውስጥ የት?»

እዚህ ላይ ያ ሁሉ ዘመን ታፍኖ የቆየ ዕውቀቴ ግድቡን ጣሰ። የዘር ፍሬው ከአከርካሪው ሥር፣ ከአየር ከረጢቱ አጠገብ፣ ግራና ቀኝ እንደ ሁለት ረዣዥም ክሮች ተዘርግቶ እንደሚገኝ ነገርኳቸው። ውኃው ሲበርድ ክሩ እንደሚቀጥን፣ ሊታይ እስከማይችል እንደሚሟሟ፤ ውኃው ሲሞቅ ደግሞ እንደሚወፍርና እንደ ወተት እንደሚነጣ ነገርኳቸው። ሁሌም ያለ፣ ግን ሁሌም አንድ ዓይነት ያልሆነ ነገር ነው አልኩ። እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር ከኔ አፍ ሲወጣ ማንም ሰምቶ አያውቅም። እታለም የሺ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ አጥሩ ዞረዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

አያ ቢምረው ዓሣውን ለረጅም ጊዜ አዩት። «በሥራ ዘመኔ» አሉ በመጨረሻ፣ «እንዲህ ያለ አልገጠመኝም።»

«አያ ቢምረው» አሉ ጋሽ ይማም፣ «የአንቱን ዝና ሰምቶ እኮ ነው ውስጥ የደበቀው!»

አያ ቢምረው አልሳቁም። ዓሣውን ቀስ አድርገው ውኃ ውስጥ ለቀቁት፤ የሚያከብሩትን ባላጋራ እንደሚሸኙ ዓይነት። በትራቸውን ግን ይዘው አልሄዱም። ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ።

«እና ምን ይሻላል?» አሉ አያ ደርሰህ።

«መለየት ነው» አልኩ። «ወንዶቹን ብቻ እዚህ ማስቀረት። ሴት ከሌለ መራባት የለም፤ መራባት ከሌለ ያድጋሉ።»

«ይህማ ገዳም ነው» አሉ ጋሽ ይማም።

አለያየቱን መጽሐፌ ያውቀዋል። ወንዱ ከሆዱ ሥር፣ ከኋለኛው ክንፍ ፊት፣ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ለእዳሪ፣ አንዱ ለሽንትና ለዘር። ቦታው ቀለም ከተቀባ ይበልጥ ይታያል። የሴቷ ገጽ ስለሌለኝ፣ ሁለት ያልሆነው ሁሉ ሴት ነው ብዬ ወሰንኩ። ከእስክሪብቶዬ ቀለም አውጥቼ በስንደዶ ጫፍ እየነከርኩ ሥራ ጀመርኩ። አያ ደርሰህ ያወጣሉ፤ ጌታነህ ይገለብጣል፤ እኔ እቀባለሁ፣ ጎንበስ ብዬ አያለሁ፣ «ወንድ» ወይም «ሴት» እላለሁ። ወንዱ በርሜል ይገባል፤ ሴቷ ባልዲ።

ሰው በሕይወቱ የሚደርስበት ቦታ ይገርማል። ፀሐይ ከፍ አለች። የዓሣ ዓይን ቆብ የለውም፤ እያንዳንዱ ሳይርገበገብ ያየኛል። ቅርፊቱ እጄ ላይ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል፣ ከዚያ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ሌላ ይመጣል። ብዙ ካየሁ በኋላ ቀዳዳው ሁለት ይሁን ሦስት ሳይሆን፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ይጠፋኝ ጀመር።

«ወንድሜ» አሉ ጋሽ ይማም፣ «ሚስት ለማግባት እንዲህ ብታጣራ ጆሮህ እስኪሸብት ትቆያለህ።»

«ተዉት፣ ይሥራ!» አሉ አያ ቢምረው ከድንጋያቸው ላይ። «ሥራ ነው ይሄ።»

ይህ ከሙያ ሰው የተነገረ ምስክርነት እስከ ዛሬ ያኮራኛል። ሴቶቹን ጋሽ ይማም በባልዲ ይዘዋቸው ወደ ጅጋ ሄዱ፤ ጠብሰው በሏቸው መሰለኝ። ኩሬው ውስጥ ወንዶች ብቻ ቀሩ። እኔ ባልኩት መሠረት ማለት ነው።

የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ፣ ውኃው ሞቀ። ከዚያ ያየሁትን እንዴት እንደምናገረው አላውቅም።

አንድ ከሰዓት በደረቴ ተኝቼ ቁልቁል ሳይ፣ ወለሉ ላይ ክብ ክብ ጎድጓዳ ነገር ተሠርቷል፤ እንደ ወጭት የተስተካከለ። እያንዳንዱን የሚሠራው አንድ ወንድ ነው። ጭቃውን በአፉ ይዝቃል፣ ወደ ውጭ ወስዶ ይተፋል፣ ተመልሶ ይዝቃል። ድንጋይ ካገኘ ያወጣል። ቅጠል ከወደቀበት ይጠርጋል። ሠርቶ ሲጨርስ ሰውነቱ ይጠቁራል፣ ጉሮሮውና የክንፎቹ ጫፍ ይቀላል፣ በጎድጓዳው አፍ ላይ ይቆማል። ጎረቤቱ ከተጠጋው ያባርረዋል። ከዚያ ይጠብቃል።

ማንን? ሙሽሪትን ወደ ጅጋ የላክናት እኛ ነን። ኩሬው ዳስ ጥሎ፣ ደጁን ጠርጎ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ማንም የማይመጣለት የሙሽራ ሰፈር ሆኗል። እኔ ደግሞ ከላይ ተኝቼ ጥላዬን ጥዬባቸዋለሁ። ከነሱ የሚለየኝ ቢኖር፣ እነሱ ቢያንስ የሚቆፍሩት መሬት ማግኘታቸው ነው።

እንዲህ እያሰብኩ ሙቀቱ አሸለበኝ። በሕልሜ እኔም ከሥር ነበርኩ። ጎድጓዳዬን ጠርጌ ጨርሻለሁ፤ አንገቴ ላይ ቀይ ነገር ይሰማኛል፤ ደስታም አይሉት፣ ሐዘንም አይሉት። ከላይ ብርሃኑ እንደ ሐር ይውለበለባል። ድንገት ቦት ጫማ ወረደ። ጌታነህ ነው፤ በአንድ እጁ አንገቴን ይዞ ገለበጠኝ፣ በሌላው ስንደዶ ቀለም ነከረ። «ቀዝቀዝ ይላል» አለኝ። ጮኼ ነቃሁ። የሚጠቅም ሕልም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዓሣ ሳልጠይቀው ገልብጬ አላውቅም።

ሰኔ ገባ። የእታለም የሺ ችግኞች መደቡ ላይ አንገት ለአንገት ተላልፈዋል፤ አንድ ዝናብ ጥሎ አፈሩ ራሷል። አንድ ጧት ትልቁን ሳህን በአንድ እጃቸው፣ ዶማውን በትከሻቸው አድርገው መጡ። እነዚያው ሰዎች ነበርን፤ ጋሽ ይማም እንኳ ከገበያ ቀርተዋል።

አያ ደርሰህ ከሁሉ የገዘፈውን መርጠው አወጡ። እውነቱን ለመናገር አድጓል፤ ከመዳፌ ያልፋል። ሳህኑ ላይ ሲጋደም ግን ሳህኑ ሜዳ ሆነ።

«ጅራቱን ዘርጉት!» አሉ አያ ደርሰህ።

ጌታነህ ዘረጋው። አልደረሰም።

«በስኒ ማስቀመጫ ለምን አይለካም?» አሉ ጋሽ ይማም።

እታለም የሺ አልሳቁም። ዶማውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ወደ ግድቡ ሄዱ፣ እግራቸውን አፋፉ ላይ ተከሉ። አያ ደርሰህ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ የምለውን ዓረፍተ ነገር እየሠራሁ ነበር፤ የሚያልቅ አልነበረም። ዶማው ከፍ አለ።

ከፍ እንዳለ ቆመ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ቁልቁል እያዩ።

ጥልቀት በሌለው ጥግ ላይ፣ ከአንድ ጎድጓዳ አጠገብ፣ አንዲት ዓሣ ቆማለች። ራሷ አካባቢ የጤፍ ቁንጣሪ የሚያካክሉ ነገሮች እንደ ጉም ይበተናሉ፣ ይሰበሰባሉ። የእታለም የሺ ጥላ ሲያርፍባቸው ዓሣዋ አፏን ከፈተች፤ ጉሙ በሙሉ ወደ ውስጥ ገባ። አፏን ዘጋች።

«ወይ ጉድ! በላቻቸው!»

«አልበላችም» አልኩ፤ ይህኛው በመጽሐፌ ባይኖርም ሳልሠራው ወጣልኝ። «ደብቃቸው ነው። ልጆቿ ናቸው።»

አያ ቢምረው ከድንጋያቸው ተነሱ። «ሁሉም ወንድ ናቸው ብለህ ነበር። ወንድ ወለደ?»

«ሴት ናት።»

«ሁለት ነው ብለህ አልፈሃታል ማለት ነው» አሉ ጋሽ ይማም።

«ሦስተኛው ቀዳዳዋ በጣም ቀጭን ይሆናል» አልኩ። ጆሮዬ እንደ ዓሣው ጉሮሮ ሳይቀላ አልቀረም።

እታለም የሺ እኛን አልሰሙም። ዶማውን ተደግፈው ቁጢጥ አሉ። ጥላቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ብዙ ጠበቁ፤ እኛም ቆመን ጠበቅን። ዓሣዋ አፏን ከፈት አደረገች፤ አንድ ወጣ፣ ከዚያ ሁሉም ተከተሉ። እታለም የሺ ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

«ይሄን ጎድጓዳ ማን ሠራው?» አሉኝ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

«ወንዱ።»

«ልጆቹን የያዘችው እሷ?»

«አዎ።»

«እሱስ? ቤቱን ሠርቶ፣ ከዚያ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላ» አልኩ፣ «ሌላ ሙሽራ ይጠብቃል።»

እታለም የሺ ቀና ብለው አያ ደርሰህን አዩአቸው። አያ ደርሰህ ሳህኑን በደረታቸው ያዙ።

«እኔ ምን አደረግሁ?» አሉ።

«አንቱማ መቆፈሩን ነው የሚያውቁት» አሉ እታለም የሺ፤ ግን ድምፃቸው ቅድም የነበረው አልነበረም። ተነሱና ቀሚሳቸውን አራገፉ። «አፏ ሙሉ የሆነ እናት ላይ ውኃ አልለቅም። አፏ ባዶ ሲሆን ይነገረኝ።»

ይህን ያሉት ለኔ ነው። እሺ አልኳቸው። የማውቀውን ግን አልጨመርኩም። ውኃው እስከሞቀ ድረስ የወንዱ ክር እንደነጣ፣ እንደወፈረ ነው፤ ያንዷ አፍ ባዶ ሲሆን የሌላዋ ይሞላል። እኔ ያለፍኳት ደግሞ አንድ ሴት ብቻ አልነበረችም፤ ኋላ እንደታየው በየጥጉ ነበሩ። የተጠየቅሁት ስለ አንዷ አፍ ነው፤ አንዷ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ ነበረች። ችግኙ መደቡ ላይ መቆየት ስላልቻለ እታለም የሺ እያጉረመረሙ ግድቡ ላይ፣ አፋፉን ተከትለው ዙሪያውን ተከሉት።

ነሐሴ መጣ። ጉሙ ከጧት እስከ ማታ አልነሳ አለ፣ ውኃው ቀዘቀዘ። የወንዶቹ ጉሮሮ ገረጣ፤ ጎድጓዶቹን ደለል ሞላቸው። አከርካሪያቸው ሥር ክሩ እየቀጠነ መሆኑን ሳላይ አወቅሁ። ጥጋ ጥጉን ሁሉ ዞርኩ፤ አንድም ሙሉ አፍ የለም። ቃል ቃል ነው። የበርበሬ ተከላ ማለፉ ጥቂት ቢያጽናናኝም፣ ዶማው ወቅት አይጠብቅም ብዬ እየፈራሁ ወደ እታለም የሺ ሄድኩ።

ያገኘኋቸው ኩሬው ዳር ነው፣ በበርበሬው መካከል። በርበሬው የኩሬውን እርጥበት ጠጥቶ እስከ ወገባቸው ደርሷል። ከእጃቸው የሆነ ነገር ወደ ውኃው ይበትናሉ፤ ዓሦቹ ድምፃቸውን ለምደውት ተኮልኩለዋል።

«እታለም» አልኩ፣ «አፋቸው ባዶ ሆኗል።»

ዞረው አዩኝ፤ እንደ ሞኝ።

«ታዲያ ባዶ ከሆነ ይብሉበት እንጂ!» አሉና መበተናቸውን ቀጠሉ።

እኔ የማስታውሰው ይህን ነው። የሚበትኑት ፉርሽካ ይሁን የጠላ አተላ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ጉሙ ከልሎኝ ነበር። ጋሽ ይማም የወንዶቹ ጉሮሮ ቀይ ሳይሆን ሐምራዊ ነበር ይላሉ፤ ጨርቅ ነጋዴ ናቸውና ስለ ቀለም አልከራከራቸውም። አያ ቢምረው ልናኮላሽ በተሰበሰብንበት ዕለት በትራቸውን ረስተው ሄዱ ወይስ ትተውት ሄዱ፣ እሱንም አላጣራሁም። እዚያ የነበራችሁ የምታስታውሱትን ጨምሩበት። ዓሦቹም ቢሆኑ፣ አፋቸው ባዶ በሆነበት ወራት።